ከሌሊት በረራ እስከ ዲላ፦ አየር ላይ የሚደርሰው የፈጅር ሶላት

ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ኢስታንቡል ወይም ዱባይ ደርሰው፣ አለያም አጭር ዑምራ አድርገው የሚመለሱ የዲላና የአካባቢዋ ሙስሊሞች የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «ፈጅር አውሮፕላን ውስጥ ደረሰብኝ፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰገድኩ። ይበቃኛል ወይስ መመለስ አለብኝ?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ሰግዷል። የሚያሳስበው ጭራሽ የማይጠይቀው ነው። በቆየባቸው ቀናት ከመስጂድ ሳይለይ ሰንብቶ፣ በመመለሻው ሌሊት ግን «ቤቴ ስገባ ቀዷ አወጣለሁ» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። ሶላት በምእመናን ላይ በወቅት የተወሰነ ግዴታ መሆኑ በሱረቱ አን-ኒሳእ 4፡103 ተነግሯል። አውሮፕላን ላይ መሆን ደግሞ ወቅቱን አያነሳውም።

ነገሩ ለምን ሁልጊዜ ፈጅር ላይ ይወድቃል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌን የመሸጋገሪያ ማዕከል አድርጎ ስለሚሠራ፣ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡ ብዙ በረራዎቹ ሌሊቱን ተጉዘው ንጋት ላይ ይደርሳሉ። ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች የሚቀጥለው ተሳፋሪ የጠዋቱን በረራ እንዲይዝ ነው። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ከዱባይ ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ ይበረራል። እኩለ ሌሊት አካባቢ የተነሳ ሰው ጎህ ሲቀድ የሚያገኘው እንግዲህ ቀይ ባሕር ወይም የሀገራችን ሰማይ ላይ ሆኖ ነው።

ሌሎቹ ሶላቶች ለመንገደኛ ቀለል ብለዋል። ባለ አራት ረከዓዎቹ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ወደ ሁለት ያጥራሉ፤ ይህ በአን-ኒሳእ 4፡101 የተሰጠ ፈቃድ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ጋር መሰብሰብም ይቻላል። ስለዚህ ማታ የሚሳፈር ሰው ከመነሳቱ በፊት ኤርፖርቱ ውስጥ መግሪብን ሦስት ረከዓ፣ ዒሻእን ሁለት ረከዓ አከታትሎ ሰግዶ መግባት ይችላል። ኢስታንቡል፣ ዱባይና ጅዳ ኤርፖርቶች መስገጃ ክፍል አላቸው። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ ውጭ መሰብሰብ ስለሌለ፣ ተከታዩ ሁለቱንም በየወቅታቸው ይሰግዳል። ዊትር ሱና ስለሆነ (በሐነፊይ ዘንድ ግን ዋጂብ ነው) ወንበር ላይ ተቀምጦ አውሮፕላኑ ወዳመራበት አቅጣጫም ይሰገዳል፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ዊትርን በግመላቸው ላይ ሆነው ይሰግዱ እንደነበር ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል።

ፈጅር ግን ድሮም ሁለት ረከዓ ነው፤ አያጥርም። ከፊቱም ከኋላውም የሚሰበሰብበት ሶላት የለውም። ለመንገደኛ የተረፈው ፈቃድ አሰጋገዱን እንደ አቅሙ ማድረጉ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ቲኬት ላይ 01:00 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ቀኑም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሚቀየር «የማክሰኞ በረራ» የሚባለው ሰኞ ማታ ኤርፖርት የሚኬድበት ሆኖ ይገኛል። በዚህ ተሳስቶ በረራ ያመለጠው ጥቂት አይደለም። ይህ በረራ ቦሌ የሚያርፈው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፈጅር የሚገባው እንደ ወራቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለ 11 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ ፀሐይ ደግሞ ከ12 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው መካከል ትወጣለች። አውሮፕላኑ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት መውረድ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቀበቶ አስሮ መቀመጥ ግዴታ ነው። ቆሞ ለመስገድ የሚቀረው ጊዜ እንግዲህ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቁርስ የሚታደልበት ጋሪ መተላለፊያውን ከሚዘጋበት ሰዓት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ስልኩን 11 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲንዘር ማድረግ ይበጃል።

የስልክ የሶላት አፕሊኬሽንን ማመን እዚህ ላይ አደገኛ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አፑ የተነሱበትን ከተማ ሰዓት ይዞ ይቀራል። ቱርክና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የጎህ መቅደጃቸው ግን አንድ አይደለም። በታኅሣሥ ወር ኢስታንቡል ላይ ፈጅር የሚገባው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አልፎ ነው። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ላይ በዚህ ሰዓት ፀሐይ ወጥታለች! አፑን የጠበቀ ሰው «ገና ነው» ሲል ወቅቱ ያልፈዋል።

ሌላም አለ። መለኪያው መንገደኛው ካለበት ቦታ የሚታየው አድማስ ነው፤ ታች ምድር ላይ ያለው መስጂድ አዛን አይደለም። አውሮፕላኑ 11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን አድማሱ ዝቅ ስለሚል ፀሐይ ከሥር ላለው ሕዝብ ከምትወጣበት ከአሥር ደቂቃ በላይ ቀድማ ትታያለች። በመስኮቱ በኩል የፀሐይ ክብ ብቅ ካለ ለእርሱ የፈጅር ወቅት አበቃ።

ዉዱእን በተመለከተ ርካሹ ቲኬት አንድ ጥቅም አለው። የኢኮኖሚ ክፍል ወንበር ጀርባው ብዙ አይጋደምም። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ መቀመጫው በደንብ ተደላድሎ ቁጭ እንዳለ ያንቀላፋ ሰው ዉዱኡ አይፈርስም። ሶሓቦች ዒሻእን ሲጠብቁ አንገታቸው እስኪዘነበል አንቀላፍተው፣ ከዚያ ዳግም ዉዱእ ሳያደርጉ ይሰግዱ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ዘገባ ማስረጃው ነው። ቢዝነስ ክፍል ወንበሩን አልጋ አድርጎ የተዘረጋው፣ ወይም ሦስት ባዶ ወንበር አግኝቶ የተጋደመው ግን ዉዱእ መመለስ አለበት። ሌሎች መዝሀቦች የእንቅልፉን ክብደት ስለሚመለከቱ ጭልጥ ብሎ የተኛ ሰው ቢያድስ ጥሩ ነው።

ለማደስ የአውሮፕላኑ መጸዳጃ ቤት ይበቃል። ቧንቧው ውሃ እስካለው ድረስ ተየሙም ማድረግ አይፈቀድም። አስቸጋሪው እግር ማጠብ ነው፤ እግርን ወደዚያች ትንሽ ማጠቢያ መስቀል ለሰውየውም ለሚቀጥለው ተሳፋሪም አይመችም። መፍትሔው ኹፍ ነው። ከመሳፈር በፊት የተሟላ ዉዱእ አድርጎ የለበሰው መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ላይ ማበስ ይችላል። የረጨነውን ውሃ ጠርገን መውጣት ደግሞ የሙስሊም አደብ ነው፤ ወለሉ ረጥቦ ያገኘው ሰው ስለ ሃይማኖታችን የሚያስበውን መገመት አያዳግትም።

ቂብላ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከኢስታንቡል ሲነሱ መካ ከፊት ለፊት፣ በስተ ደቡብ ናት። አውሮፕላኑ የመካን መስመር አልፎ ወደ ኢትዮጵያ ሲቃረብ ግን ከኋላ ትሆናለች። አዲስ አበባም ዲላም ቂብላቸው ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ነው። ወደ ደቡብ እየበረረ ቦሌ ሊያርፍ በተቃረበ አውሮፕላን ውስጥ እንግዲህ ቂብላ ያለው በጭራው በኩል ነው፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ የሰገደ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሰገደ ማለት ነው። ከጅዳ ለሚመጣም ያው ነው። ከዱባይ የሚመጣው አቅጣጫው ይለያል፤ ከፊቱ ባለው ስክሪን ካርታውን ከፍቶ መካ በየት በኩል እንደሆነች ይመልከት።

በተግባር የሚያዋጣው ከኋላ በኩል፣ መተላለፊያ ዳር ያለ ወንበር መያዝ ነው። ምግብ የሚሰናዳበት የአውሮፕላኑ የኋላ ክፍል ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው መስገጃ የሚሆን ቦታ አለው። ወደ ጭራው መዞር ደግሞ፣ ከሰሜን ለሚመጣ በረራ፣ ወደ ቂብላ መዞር ነው። አስተናጋጆቹን «ለሦስት ደቂቃ ልስገድ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፈቀዱ ቆሞ፣ ሩኩዕና ሱጁዱን አሟልቶ መስገድ ነው። የቀበቶው መብራት ከበራ ወይም ካልፈቀዱ ጭቅጭቅ አያስፈልግም። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ነግረዋቸዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ወንበሩ ላይ የሚሰግድ ሰው ለሩኩዕ ጎንበስ ይላል፣ ለሱጁድ ከዚያ የበለጠ ዝቅ ይላል። ግንባርን የምግብ መደርደሪያው ላይ ማሳረፍ አይጠበቅበትም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፦ ወንበር ላይ የተሰገደው ይመለሳል ወይ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ሶላትን በግመል ላይ ቢሰግዱም ለፈርድ ይወርዱ ነበር። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሻፊዒይ መዝሀብ፣ ኢማም ነወዊ በአል-መጅሙዕ እንዳብራሩት፣ መውረድ ያልቻለ መንገደኛ ለወቅቱ ክብር ሲል እንደሆነለት ይሰግድና ምድር ሲረግጥ ይመልሳል ይላል። ሌሎች ዑለማእ፣ በዘመናችንም ብዙዎች፣ አላህን በቻልነው ልክ እንድንፈራ በሱረቱ አት-ተጋቡን 64፡16 መታዘዛችንን ይዘው የቻለውን አድርጓልና አይመልስም ይላሉ። እኔ ለራሴ የምይዘው መመለሱን ነው። ሁለት ረከዓ ነው፤ ሻንጣ እስኪመጣ ከሚጠበቀው ጊዜ ያነሰ ይፈጃል። ግን «መመለሴ ካልቀረ ለምን አሁን እሰግዳለሁ» የሚለው ሒሳብ በየትኛውም መዝሀብ ተቀባይነት የለውም። በረራው ፀሐይ ሳትወጣ ለመስገድ የሚበቃ ጊዜ ቀርቶት እንደሚያርፍ እርግጠኛ የሆነ ሰው ብቻ እስከ ቦሌ ማቆየት ይችላል። የኢሚግሬሽን ሰልፉንም አብሮ ያስብበት።

ሳያስበው እንቅልፍ የጣለው ሰው ወንጀል የለበትም፤ ሲነቃ ይሰግዳል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊቱን ተጉዘው ሊነጋ ሲል አረፉ፤ ቢላል (ረ.ዐ) እንዲጠብቁ ታዘው ግመላቸውን እንደተደገፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነበር። ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብለው ሰገዱ። ልብ በሉ፦ ቀስቃሽ መድበው ነበር የተኙት።

ቦሌ መድረስ ለዲላ ሰው ቤት መግባት አይደለም። ገና 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። በሐዋሳ በረራ ቢያሳጥረው እንኳ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ መኖሪያ ከሌለው በስተቀር የመንገደኛነት ፈቃዱ የዲላን ክልል እስኪገባ አብሮት ይሄዳል። ዙህር ሻሸመኔ ወይም ሐዋሳ ላይ ከደረሰበት ዙህርና ዐስርን እዚያው ሁለት ሁለት ረከዓ አድርጎ ሰብስቦ መስገድ ይችላል። «ዲላ ስገባ» ብሎ ዙህርን ካዘገየው ግን ዲላ ላይ አራት ረከዓ ሆኖ ይጠብቀዋል። የይርጋ ጨፌ ወይም የወናጎ ሰው ደግሞ ዲላን እያለፈም መንገደኛ ነው፤ ዲላ መስጂድ ገብቶ ከነዋሪው ኢማም ኋላ ከቆመ ግን አራቱንም ይሞላል።

የሩቅ ሀገር አውቶብሶች በማለዳ ስለሚነሱ ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ አውቶብስ መሳፈር የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ፣ በአውሮፕላንም ሆነ በመኪና፣ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ለብዙ ጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ለነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ላደረገና ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት ለሚያውቅ ግን ትንሽ አይደለም። አምስት ሰዓት በረራ ላይ ሰባት ስምንት ሰዓት አውቶብስ ሲደመር መሃል ላይ ተነስቶ መራመድ፣ ውሃ መጠጣትና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። መኪናውን ቦሌ አቁሞ የሄደው ሰው ደግሞ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን መሪ እንዳይዝ። አካል በሰው ላይ ሐቅ እንዳለው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል፤ መንገዱ ላይ ያሉት እግረኞችም ሐቅ አላቸው። አዲስ አበባ ጥቂት ሰዓት ተኝቶ መነሳት ይሻላል።

ጉዞ እንቅልፍንና ምግብን የሚከለክል መከራ መሆኑን፣ ጉዳዩን የጨረሰም ወደ ቤተሰቡ እንዲፋጠን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። በሌሊት ቤተሰብን ድንገት ማንኳኳትን ግን ከልክለዋል። መንገዱ ዘግይቶ ማታ ዲላ የሚገባ ሰው ይርጋለም መገንጠያ ሲደርስ ስልክ ቢደውል፣ ድንገተኛነቱ ስለሚቀር ችግር እንደሌለው ዑለማእ ይናገራሉ። ከተማ ሲደርሱ ከቤት በፊት መስጂድ ገብቶ ሁለት ረከዓ መስገድ የተረሳ ሱና ነው፤ ጓዙ ብዙ ከሆነ ሻንጣውን የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል።