የገጠር ጤናና የሞተር ሳይክል ጥገና

ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ በሞተር ሳይክል የሚደረጉ ረጃጅም ጉዞዎች ብዙውን ጊዜ የሚታወሱት በርቀታቸውና በጀብዱአቸው ቢሆንም፣ ጉዳዩ የገጠር ጤና ሲሆን ግን ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የተሰበሰበው ገንዘብ በምን ላይ ይውላል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ከጆን ኦግሮትስ ተነሥተው፣ ሊቢያን፣ ግብፅንና ሱዳንን አልፈው ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ፣ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ ዘልቀው ኬፕ ታውን ድረስ 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልምና በመጽሐፍ የቀረበው ይህ ጉዞ ከደገፋቸው ድርጅቶች አንዱ፣ በአፍሪካ ገጠሮች የጤና ሠራተኞችን መጓጓዣ የሚያስተዳድረው ራይደርስ ፎር ሄልዝ ነበር።

የድርጅቱ መነሻ ሐሳብ የተወለደው ከቆሙ ሞተር ሳይክሎች ነው። አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለሕፃናት መርጃ ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቶ፣ ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከባሪ ኮልማን ጋር ወደ ሶማሊያ በተጓዘ ጊዜ፣ ለጤና ሥራ የተላኩ ተሽከርካሪዎች የሚንከባከባቸው ሰው በማጣት ብቻ ገና ብዙ ሳያገለግሉ ተጥለው አዩ። ኮልማን፣ ባለቤቱ አንድሪያና ማሞላ የመሠረቱት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1996 ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ።

ሥራቸው የተመሠረተው በመከላከል ጥገና ላይ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ እስኪበላሽ ሳይጠበቅ በተወሰነ ኪሎ ሜትር ልክ ዘይት መቀየርን፣ ያለቀውን ዕቃ መተካትንና መፈተሽን ያጠቃልላል። ኮረኮንች መንገድ ላይ የሚነሣው አቧራ የአየር ፊልትሮውን ሲደፍነው ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ፊልትሮው ተቀዶ አቧራው ወደ ውስጥ ከዘለቀ ደግሞ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይበላል፤ ካቴናው ሲላላ ከጥርሱ ሊወልቅ፣ ከመጠን በላይ ሲከርር ደግሞ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ አሽከርካሪው የጤና ሠራተኛ በየጠዋቱ ዘይቱን፣ የጎማውን ንፋስ፣ ካቴናውንና የላሉ ቡሎኖችን ማየት ይማራል፤ ከበድ ያለውን ጥገና የሚሠራው መካኒክም ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ከተማ እንዳይወርድ ወደ አካባቢው ይሄዳል። ይህ ከፊልሙ ይልቅ ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተራራማ በሆነችው ሌሶቶ፣ የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ሸክም ከባድ በመሆኑ፣ ሞተረኞች የደምና የአክታ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳሉ፣ ውጤቱንም ይዘው ይመለሳሉ። የደም ናሙና በተወሰነ ሰዓት ካልደረሰ ስለሚበላሽ፣ በመንገድ ላይ የቆመ ሞተር ሕመምተኛዋ እንደገና ተመልሳ ደም እንድትሰጥ፣ ሕክምናዋም እንዲዘገይ ያደርጋል። ኢትዮጵያ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ የተመደቡት ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚዞሩት በአብዛኛው በእግራቸው ስለሆነ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ያለበትን ክትባት በበረዶ መያዣ ሣጥን ተሸክሞ ራቅ ያለ ጎጥ መድረስ ምን ያህል እንደሚያደክም አገሬው ያውቀዋል።

ድርጅቱ ወጪውን የሚያሰላው በኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ነዳጁ፣ ጥገናው፣ መለዋወጫውና አሮጌውን ሞተር የሚተካው ገንዘብ ጭምር ስለሚገባ፣ የጤና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ በጀታቸውን ሲያወጡ የመጓጓዣውን እውነተኛ ዋጋ አስቀድመው ያዩታል። ለጋሾችም ቢሆኑ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝተው በሪባን ከማስረከብ ይልቅ፣ ያለውን ሞተር ለዓመታት የሚያስኬደውን የኪሎ ሜትር ወጪ ቢሸፍኑ ይሻላል፤ ይህን ዓይነቱን ልገሳ ለሕዝብ ማስረዳት የሚከብድ ቢሆንም፣ ረጅም መንገድ የተጓዘ ሞተረኛ ዘይትና ጎማ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያልቅ በገዛ ጉዞው ስላየ፣ ከሌላው ይልቅ ሊያስረዳ የሚችለው እርሱ ነው።