በሩን የሚከፍተው ማን ነው?

በመልካ ጀብዱ ካሉት የጌም ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው በአብዛኛው የሚያየው እግር ኳስ ነው። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፤ የቀሩት ከኋላ ቆመው ተራ እየጠበቁ ይከራከራሉ፤ ይሳሳቃሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ደፋር የሚያስፈራ የሚባለውን ጨዋታ ያስከፍታል። ጭራቁ በቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ሲል ያ ሁሉ ተመልካች በአንድነት ይጮህና ወዲያው ይስቃል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን «ይህማ የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ምኑ ያስፈራል?» ይላሉ። እኛ ግን ይህ ፍርድ የተሰጠው በጨዋታው ላይ ሳይሆን በክፍሉ ላይ ነው እንላለን። ፍርሀት ማኅበርተኛ አይወድም። ያንኑ ጨዋታ ሌሊት ብቻውን ሆኖ ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ የተጫወተ ሰው ሲስቅ አላየንም።

በመጀመሪያ ድንጋጤንና ፍርሀትን መለየት ያስፈልጋል። ከኋላው ድንገት የተጮኸበት ሰው ይደነግጣል፤ ይህ የገላ ሥራ ነው፤ ድመትም ትደነግጣለች። ድንጋጤ የሚመጣው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ሲሆን ፍርሀት የሚመጣው ነገሩ ሳይደርስ ነው። ርካሽ ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጩኸት ያስገባሉ፤ ተጫዋቹም በሦስተኛው ጊዜ ይለምደዋል፤ በዐራተኛው ይሰለቸዋል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሐረር ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅብ ይመገባል። መጋቢው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ እንግዳውም ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጎ ያጐርሳቸውና ጥቂት ቆይቶ ፎቶግራፍ ይነሣል። መንጋጋቸው አልለዘበም፤ ነገር ግን ታዩ፤ ተቈጠሩ፤ ስም ወጣላቸው። ያው ጅብ መብራት በጠፋበት ሌሊት ከመልካ ጀብዱ ዳርቻ ከአጥር ጀርባ ሲጮህ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ስንት እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ምን ያህል እንደ ቀረበም አይታወቅም፤ የጐደለውን ሁሉ የሚሞላው የሰሚው ሐሳብ ነው።

ጨዋታ ሠሪዎቹ ይህን የተማሩት ከፊሉን በችግር ነው። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 «ሳይለንት ሂል»ን ሲያወጣ፣ የዚያን ጊዜው ፕሌይስቴሽን ከተማውን እስከ ሩቅ ድረስ አሟልቶ ለማሳየት ዐቅም አልነበረውም። ስለዚህ ከተማውን በጉም ሸፈኑት። ጉድለት ለመደበቅ የመጣው ጉም የጨዋታው ዋና ኀይል ሆነ። በዚያም ላይ ለተጫዋቹ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ሰጡት፤ አውሬ ሲቀርብ ገና በጉሙ ውስጥ ሳለ ሬዲዮዋ መንሿሿት ትጀምራለች። ጆሮ ዐይንን ቀደመ ማለት ነው።

ነገር ግን ጉምና ድምፅ በፊልምም አሉ። ታዲያ ጨዋታው ከፊልም የሚለየው በምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፊልም ተመልካች ዐይኑን ቢጨፍን ፊልሙ አይቆምም፤ ልጅቱ ወደ ጨለማው ትወርዳለች፤ የእርሱ ፋንታ «አትውረጂ!» ማለት ብቻ ነው። በጨዋታ ግን ተጫዋቹ ካልሄደ ማንም አይሄድም። በሩን የሚከፍተው የራሱ አውራ ጣት ነው። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው «ሬዚደንት ኢቭል» ከክፍል ወደ ክፍል ሲታለፍ በጥቁር ጨለማ መካከል አንድ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት ይታያል። ይህ የተደረገው ማሽኑ የሚቀጥለውን ክፍል ከሲዲው እስኪያነብ ድረስ ጊዜ ለማግኘት ነበር፤ ለተጫዋቹ ግን ፈቅዶ የከፈተውን በር መመለስ የማይችልባት ደቂቃ ሆነችበት። በዚያው ጨዋታ የደረሱበትን ለማስቀመጥ የጽሕፈት መኪና ሪባን ያስፈልጋል፤ ሪባኑም የተቈጠረ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚፈራው የሥዕሉን ሞት ሳይሆን የድካሙን መጥፋት ነው። በጌም ቤት በሰዓት ለሚከፍል ልጅማ ፍርሀቱ እጥፍ ነው!

በመልካ ጀብዱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ጐን ለጐን ስለሚነገሩ የሕፃናት ማስፈራሪያውም ብዙ ነው። በአማርኛው ጭራቅ አለ። በሶማሊዎቹ ተረት ደግሞ ደግዴር አለች፤ ሰው የምትበላ ሴት ናት፤ አንዱ ጆሮዋ ረጅም ስለ ሆነ ከሩቅ ትሰማለች። ስለ ጭራቅ የሰማ ልጅ ወደ እናቱ ጉያ ይገባል፤ ስለ ደግዴር የሰማ ልጅ ግን ትንፋሹን ይይዛል። ተረቱ ለሰሚው ሥራ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኤሊየን፡ አይሶሌሽን» የሚያስፈራውም በዚሁ መንገድ ነው። አውሬው አይገደልም፤ ድምፅ ሰምቶ ይመጣል፤ ተጫዋቹ መደበቅ እንጂ መዋጋት አያዋጣውም። በአንዳንዱ ማሽን ላይ ተጫዋቹ በገዛ ክፍሉ የሚያሰማውን ድምፅ እንኳ አውሬው እንዲሰማ ማድረግ ይቻላል። (ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ይህን የሚሞክር ሰው ዕድሜው አጭር ነው።)

በአገራችንም ጨዋታ መሥራት ተጀምሯል፤ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የምትሮጥ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ»ን አውጥቷል። ከጓደኞቻችን መካከል የሚያስፈራ ጨዋታ ለመሥራት የሚያስቡ አሉ። አንዳንዶቹም የደቻቱን ጎርፍ ታሪክ ቢሆን ይሻላል ይላሉ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ከደጋው የወረደው ውሃ ሲደርቅ በኖረው አሸዋ ላይ መጥቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። እውነት ነው፤ ከላይ የተናገርነው ሁሉ በዚያ ሌሊት ነበረ፤ ጨለማው፣ ከማየት አስቀድሞ የተሰማው ድምፅ፣ የሚዋጉበት መሣሪያ ማጣት። እኛ ግን ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። ጨዋታን ጨዋታ የሚያሰኘው ተጫዋቹ በቃኝ ባለ ጊዜ ማዳመጫውን ከጆሮው ማውለቁ ነው፤ በዚያ ሌሊት ይህን ማድረግ የቻለ አልነበረም። ድምፁን የሰሙት ሰዎችም ዛሬ ጐረቤቶቻችን ናቸው።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚያስፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው። መብራት የጠፋበት አንድ ቤት፣ አንድ ጠባብ መንገድ፣ በመንገዱ ጫፍ አንድ ሱቅ። ልጁ ሻማ ግዛ ተብሎ ተልኳል። በሩን ራሱ ይክፈት፤ ጅቡም ከአጥሩ ጀርባ ሁለት ጊዜ ይጩህ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ቀረብ ይበል። ጅቡን ግን አታሳዩት።