የጠፈር ጌም፣ ገበጣና የዋግ ካርታ፦ ሚዛን የሚጠበቀው እንዴት ነው?

ኮምፒውተር ላይ የጠፈር ስትራቴጂ ጌም ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? በአንዲት ፕላኔት ትጀምራላችሁ። ማዕድን ታወጣላችሁ፣ መርከብ ትሠራላችሁ፣ ወደ ሌላ ፕላኔት ሰፋሪ ትልካላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጎረቤታችሁ በእጥፍ በልጧችሁ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብትሯሯጡ አትደርሱበትም። ታዲያ የተሸነፋችሁት ስላልቻላችሁበት ነው ወይስ ጌሙ ራሱ ያዳላል?

ጌም ሠሪዎች ይህን ጉዳይ ሚዛን ይሉታል። ሚዛን ማለት ሁሉም እኩል ያሸንፋል ማለት አይደለም። ጎበዙ ያሸንፍ፣ ግን የሚያሸንፈው በጉብዝናው እንጂ በተቀመጠበት ቦታ አይሁን ማለት ነው። ሚዛን የሚያዛቡ ሦስት ነገሮችን እንይ። ለመፍትሔው ሁልጊዜ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አንዳንዱን ጠጠርና ጉድጓድ ያስተምረናል።

ላለው ይጨመርለታል

እያንዳንዷ ፕላኔት በየ10 ዙሩ አንድ አዲስ ፕላኔት ለመያዝ የሚበቃ ሀብት ታስገኛለች እንበል። አንዱ ተጫዋች በ2፣ ሌላው በ1 ፕላኔት ጀመሩ። በ10ኛው ዙር 4 ለ2፣ በ20ኛው 8 ለ4፣ በ30ኛው 16 ለ8፣ በ40ኛው 32 ለ16 ይሆናሉ። የአንድ ፕላኔት ልዩነት 16 ሆነ! እዚህ ላይ ማንም አልተሳሳተም፤ ሒሳቡ ነው። ውጤቱ ተመልሶ ራሱን ሲያሳድግ አዎንታዊ ግብረ መልስ ይባላል።

ጌም ሠሪዎች ይህን የሚገቱት አንዱ መንገድ ማደግን በማስወደድ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ስቴላሪስ ግዛታችሁ በሰፋ ቁጥር አዲስ ቴክኖሎጂ ለማግኘት የሚጠየቀው ምርምርም አብሮ ይጨምራል።

ገበጣ ደግሞ የራሱ ዘዴ አለው። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በርካታ ዓይነቶችን መዝግበዋል። የመዝራቱ ነገር ግን የጋራ ነው፦ ከአንድ ጉድጓድ ያነሣችሁትን ጠጠር አንድ አንድ እያላችሁ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች ትጥላላችሁ። ባለ ሁለት ረድፍ ገበጣ ላይ ጉድጓዱ በጣም ከሞላ ጠጠሩ ወደ ባላጋራችሁ ረድፍ ይሻገራል። ያከማቻችሁትን ለመጠቀም ስትሉ ከፊሉን ለእሱ ታድላላችሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ማን ይንካ?

ሁለተኛው ችግር ተራ ነው። በዓለም አቀፉ ቼዝ ሁልጊዜ ነጭ ይጀምራል። የብዙ ሺህ ጨዋታዎች ውጤት ሲደመር ነጭ ከጠቅላላው ነጥብ ከ52 እስከ 56 በመቶ ይወስዳል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ።

የእኛው ሰንጠረዥ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ ይገርማል። ሰንጠረዥ በመሳፍንቱ ቤት የታወቀ ጨዋታ ነበር፤ ከዋግ ጎረቤት የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሠራዊቱን ያሰልፋል። አንዱ የሌላውን ጠጠር የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው።

ዛሬ ተራ የሌላቸውን ጌሞች የቅጽበት ስትራቴጂ እንላቸዋለን። ሐሳቡ ግን ኮምፒውተር ሳይፈጠር በፊት እዚሁ ነበር። እርግጥ ነጻ ምሳ የለም፦ ተራው ሲጠፋ የመጀመሪያው ሰው ጥቅም ይጠፋል፣ በምትኩ ግን እጁና ዓይኑ የፈጠነ ሰው ይጠቀማል።

የዋግ ካርታ

ሦስተኛው ችግር መነሻ ቦታ ነው። ጠፈሩን ለጊዜው እንተወውና የዋግ ኽምራን ካርታ ጌም እናድርገው። አንዱ ተጫዋች ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከሰቆጣ ደጋ ይነሣል። ሌላው ከታች፣ በተከዜ በኩል ካለው ከአበርገሌ ቆላ።

ለሁለቱም ገብስ ብቻ ብንሰጣቸውስ? ገብስ ደጋ ይወዳል፤ ቆለኛው ሳይጀምር አለቀለት። ሁለቱንም አንድ ዓይነት መሬት ላይ ብናስቀምጣቸውስ? ፍትሐዊ ነው፣ ግን ካርታው ዋግ መሆኑ ቀረ፣ ጌሙም ይደብራል። የተሻለው መንገድ የተለያየ ጥንካሬ መስጠት ነው፦ ለደጋው ገብስ፣ ለቆላው የአበርገሌ ፍየል። ዝናብ ሲጥል ገብሱ በአንድ ክረምት ብዙ ያስገኛል፣ ዝናብ ሲቀር ግን ባዶ ነው። ፍየሎቹ ቀስ ብለው ይረባሉ፣ ድርቁን ግን ይሻላሉ፤ ሣር ወዳለበትም ይነዳሉ።

እሺ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ዝናቡ ስንት ጊዜ ይቅር? ጨርሶ ካልቀረ ደገኛው ሁልጊዜ ያሸንፋል። 8 ጊዜ ከቀረ ቆለኛው። የጌሙ ሚዛን ያለው በዚህች አንዲት ቁጥር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ስታርክራፍት ሦስት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ወገኖች አሉት፤ ሠሪዎቹ ጌሙ ከወጣ በኋላም ዋጋና ጉልበት የሚወስኑ ቁጥሮችን በጥቂት በጥቂቱ ሲያስተካክሉ ቆይተዋል።

እንዴት እናውቃለን?

አንዳንድ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል አምስተርዳም ውስጥ አዋሪ የተባለውን የገበጣ ዘመድ 889,063,398,406 አቀማመጦች በኮምፒውተር አሰሉ። ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ጨዋታው እኩል ለእኩል ያልቃል። 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ይህን ያህል አቀማመጥ ካለው የጠፈር ጌም ምን ያህል እንደሚኖረው አስቡት! ስለዚህ ሠሪዎቹ ደጋግመው ያጫውታሉ፣ ይቆጥራሉ።

እናንተም ትችላላችሁ። 12 ጉድጓድ ቆፍሩ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር አድርጉ፣ በሠፈራችሁ ሕግ 20 ጊዜ ተጫወቱ። ጀማሪነቱን እየተቀያየራችሁ፣ ያሸነፈው ጀማሪው ይሁን ተከታዩ ደብተር ላይ ጻፉ። ጀማሪው 11 ጊዜ ቢያሸንፍ አትደናገጡ፤ ሳንቲም 20 ጊዜ ብትወረውሩ ዘውድ 11 ጊዜና ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ 41 በመቶ ገደማ ነው። 16ና ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድሉ ግን ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ፣ ጀማሪው 16 ጊዜ ካሸነፈ ሕጉን ጠርጥሩ። ከዚያ አንድ ሕግ ብቻ ቀይሩና እንደገና ቁጠሩ። ሁለት ሕግ በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።