በየብስ ይኖሩ ስለ ነበሩት የአዞ ዘመዶች

በአዋሽ ወንዝና በጫሞ ሐይቅ የሚኖረው አዞ አጭር እግርና ረጅም መንጋጋ ያለው፥ በውሃ ዳር የሚያደባ አውሬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው አዞን ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ፍጥረት አድርጎ ይቈጥረዋል። ሊቃውንት ከምድር ቈፍረው ያወጡት ቅሪተ አካል ግን ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ይመሰክራል። የዛሬው አዞ ከብዙ ነገድ መካከል የተረፈ አንድ ወገን ነውና።

ምስክሩም በአፍሪካ ምድር ይገኛል። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ እርሱ የጻፉለት የታንዛኒያው ፓካሱከስ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት በየብስ ይኖር ነበር። ፓካ በስዋሂሊ ቋንቋ ድመት ማለት ነው፤ የአካሉም መጠን የድመት ያህል ነበር። ጥርሱ እንደ አጥቢ እንስሳት የፊቱ ለመያዝ፥ የኋላው ለማኘክ የተለየ ነው። በማዳጋስካር የተገኘው ሲሞሱከስ አፈ ደፍጣጣ ሆኖ ቅጠላ ቅጠል ይበላ ነበር። የኒጀሩ ካፕሮሱከስ ደግሞ እንደ ከርከሮ ከአፉ የወጣ ረጅም ጥርስ ነበረው። ከእነዚህ ነገዶች አንዳንዶቹ ቀደም ብለው፥ ብዙዎቹ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሶሮች ጋር፥ የቀሩትም ከዚያ በኋላ አለቁ።

ይህ ነገር እኛን ምን ይመለከተናል የሚል ቢኖር፥ መልሱ በአገራችን ምድር ውስጥ ነው። በኮልፌ 18 ማዞሪያ የቆመ ሰው የሚረግጠው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ ግን የሙገር ወንዝ ይህን ድንጋይ ሰንጥቆ፥ ከሥሩ ደለል ተደራርቦ የጸናውን የጥንቱን ድንጋይ ገልጦታል። 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ካለው ከዚህ ድንጋይ የዳይኖሶር ጥርስና አጥንት ወጥቷል። የአዞ ዘመዶችም በዚያ ዘመን በምድር ላይ ነበሩ።

ሙገር ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ የሚቈፈርበት አገር ነው። ይህም ሥራ ለአገር ልማት የሚጠቅም ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን በመዶሻ አንድ ጊዜ የተሰበረ ቅሪተ አካል ተመልሶ አይገኝም። ስለ ቅርስ ጥበቃ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በቍፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ሁሉ እንዲያስታውቅ ያዛል። እንግዲህ የድንጋይ ፈላጩም፥ የመንገድ ሠራተኛውም፥ አራሹም አጥንት የመሰለ ድንጋይ ባየ ጊዜ እጁን ገትቶ ለሚመለከተው ክፍል ይንገር። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ የአገሩን ምድር የሚመረምር ሊቅ ከመካከላቸው ይወጣል።