የጡረተኛው የእሳት አደጋ መኪናና የጥንታዊነት ታርጋው

በአሜሪካ አንዲት ከተማ ያረጀውን የእሳት አደጋ መኪናዋን በጨረታ ስትሸጥ፣ ገዢው ከመኪናው ጋር አንድ ጽኑ እምነት ደርቦ ይወስዳል፤ ይኸውም መኪናው በአገልግሎት ዘመኑ የነበረው መብት ሁሉ እንደ ርስት ለእርሱ እንደሚተላለፍ፣ የጥንታዊ ተሽከርካሪ ታርጋ ከተለጠፈበትም በኋላ የቤት አውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሊነዳው እንደሚችል ማመን ነው።

እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ የፌዴራሉ ሕግ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደቱ 26,001 ፓውንድ (11,794 ኪሎ ግራም ገደማ) የደረሰ መኪና ለንግድ የሚነዳ ሰው ልዩ ፈቃድ እንዲይዝ ሲያዝ፣ ግዛቶች የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ከዚህ ግዴታ ነጻ እንዲያደርጉ ስለ ፈቀደ፣ ትናንት ያለ ልዩ ፈቃድ ሲነዳ የኖረ መኪና ዛሬ ስለ ምን ይከለከላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ነጻነቱ የተሰጠው ነፍስና ንብረት ለማዳን ለተሰማራው ሰው እንጂ ለመኪናው አይደለም፤ ካባ ከገበያ ስለ ገዛ ሥልጣነ ክህነት የተቀበለ የለምና። ለደስታው ብቻ የሚነዳውን ሰው የፌዴራሉ የንግድ ፈቃድ ላይመለከተው ቢችልም የግዛቱ ሕግ ግን ይጠብቀዋል፤ በቴክሳስ ለምሳሌ ለንግድ ላልዋለ ከባድ መኪና ራሱን የቻለ የ«ክላስ ቢ» ፈቃድ ያስፈልጋል። ታርጋው መኪናው ምን እንደ ሆነና ለምን እንደሚውል ይናገራል እንጂ ስለ ነጂው ችሎታ አንዳች አይመሰክርም። «ታርጋውን ብቻ አውጣ፣ ሌላውን የሚጠይቅህ የለም» እያሉ የዋሁን ገዢ የሚያደፋፍሩት ሰዎች፣ ያረጀው ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲከዳ ከመሪው ኋላ የሚገኙት እነርሱ አይደሉም፤ ትዕግሥቴን የሚፈታተነውም ይኸው ነው።

ውሃውን ከጋኑ ቢደፉት ከወሰኑ በታች ይወርዳል የሚሉም አሉ። እርግጥ 500 ጋሎን ውሃ 1,900 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሕጉ ግን በቅድሚያ የሚያየው ፋብሪካው የወሰነውን ከፍተኛ ክብደት ነውና ጋኑ ባዶ ቢሆንም ፍርዱ አይለወጥም።

ከአገልግሎት መሰናበትም ጥንታዊ መሆን አይደለም፤ ብዙዎቹ ግዛቶች 25 ዓመት ስለሚጠይቁ፣ በ20 ዓመቱ የተሸጠ መኪና ገና አሮጌ ብቻ ነው። ሳይረኑና ቀይ መብራቱም ቢሆኑ በአብዛኛው ሥልጣን ላላቸው የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪዎች የተለዩ ናቸውና፣ በሰልፍ ቀን በፈቃድ ካልሆነ በቀር በአደባባይ አይበሩም፣ አይጮኹም።

ታርጋውን አውጥቶ መኪናውን የዘወትር የዕቃ መጫኛ ለማድረግ የሚያስብ ቢኖር ደግሞ የፔንሲልቬኒያን ሕግ ይመልከት፤ ከትርዒትና ከሰልፍ ውጭ የሚፈቅደው አልፎ አልፎ መንዳትን ሲሆን፣ እርሱም በሳምንት ከአንድ ቀን አይበልጥም።