በማሽን የሚፈጠር የብረት ሕንጻ ወለል ንዝረት

በማሽን የሚፈጠር የወለል ንዝረት የሚባለው፣ በፎቅ ላይ የተተከለ ማሽን ሲሠራ ወለሉን ደጋግሞ በመግፋት የሚያስከትለው መንቀጥቀጥ ነው። የብረት ወለል ቀላልና ረጅም ወራጅ ያለው ስለሆነ፣ ንዝረትን የማክሰም አቅሙም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ከኮንክሪት ወለል ይልቅ ለዚህ ችግር ይጋለጣል።

በዱቄት ፋብሪካ

ሆሳዕናን ጨምሮ የሀዲያና የከምባታ አካባቢዎች ስንዴ አብቃይ ናቸው። ተራ ወፍጮ ቤት ማሽኑን መሬት ላይ ስለሚተክል ንዝረቱን አፈሩ ይቀበለዋል። የዱቄት ፋብሪካ ግን እህሉ በራሱ ክብደት ከማሽን ወደ ማሽን እንዲወርድ ሲባል ባለ ብዙ ፎቅ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ከባድ ማሽኖች ፎቅ ላይ ይወጣሉ። በአግድም የሚሽከረከረው ትልቅ ወንፊት ሕንጻውን ወደ ጎን ሲገፋ፣ ሚዛኑን የሳተ ማራገቢያ ወይም ሮለር ደግሞ ወለሉን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀጠቅጣል።

መንስኤ

ማንኛውም ወለል የራሱ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ አለው። የማሽኑ ድግግሞሽ ከዚህ ጋር ሲገጥም ሬዞናንስ ይፈጠራል፤ ትንሽ ኃይልም ትልቅ ንዝረት ያስነሣል። የማክሰም አቅሙ 2 በመቶ በሆነ ወለል ላይ ንዝረቱ እስከ 25 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጭነቱን ያለ ችግር የሚሸከም ጠንካራ ወለል እንኳ ከመጠን በላይ ሊነዝር ይችላል።

ግምገማ

ለመጀመሪያ ግምት 18ን፣ ወለሉ በተሸከመው ቋሚ ክብደት በሚጎብጥበት ሚሊ ሜትር ካሬ ሥር ማካፈል በቂ ነው። 5 ሚሊ ሜትር የሚጎብጥ ወለል ወደ 8 ሄርዝ ይኖረዋል። በደቂቃ 480 ዙር የሚሽከረከር ማሽንም 8 ሄርዝ ስለሆነ፣ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም።

በተሠራ ሕንጻ ላይ አክስሌሮሜትር በተባለ መሣሪያ ይለካል። በስማርት ስልክ ውስጥ ያለው አክስሌሮሜትርም የመጀመሪያ ፍንጭ ይሰጣል። ማሽኖቹን አንድ በአንድ አጥፍቶ መለካት ጥፋተኛውን ይለያል። ሰው ይበልጥ የሚረበሸው ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ባለው ንዝረት ነው፤ በዚህ ክልል ለቢሮ የተለመደው ገደብ የመሬት ስበት ፍጥነት ጭማሪ 0.5 በመቶ ነው። ለፋብሪካ ከዚህ ከፍ ያለ ይፈቀዳል።

መቀነሻ መንገዶች

* የማሽኑን ሚዛን ማስተካከል፣ ያረጀ ኩሽኔታ መቀየርና የላላ ብሎን ማጥበቅ፤ ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው።
* ፑሊ በመቀየር ፍጥነቱን ከወለሉ ድግግሞሽ ማራቅ።
* ማሽኑን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ወይም ወደ ምሰሶ ማስጠጋት።
* ማሽኑን በስፕሪንግ ወይም በጎማ ላይ ማስቀመጥ። በደቂቃ 1450 ዙር (24 ሄርዝ ገደማ) የሚሠራ ሞተር በ6 ሄርዝ ስፕሪንግ ላይ ቢቀመጥ፣ ወደ ወለሉ የሚያልፈው ኃይል 7 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ስፕሪንጉ የሚጠቅመው ግን የማሽኑ ድግግሞሽ ከስፕሪንጉ ድግግሞሽ 1.4 እጥፍ ሲበልጥ ነው፤ ከዚያ በታች ንዝረቱን ያባብሰዋል።
* ወራጅ ወይም ምሰሶ መጨመር፤ ወደ ጎን ለሚወዛወዝ ሕንጻ ደግሞ ሰያፍ ብረት ማሰር።

ሳይለኩ ወለልን ማጠንከር አደጋ አለው። ከላይ የተጠቀሰው የ8 ሄርዝ ማሽን በ6 ሄርዝ ወለል ላይ ቢሆንና ወለሉ ተጠናክሮ 8 ሄርዝ ቢደርስ፣ ብዙ ብረት ወጥቶበት ንዝረቱ ይብሳል።