ላፕቶፑ ገባ፤ የልጃችንን ዓይን ማን አየው?



እንደሚታወቀው ላፕቶፕ ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን የባንክ፣ የቢሮና የዩኒቨርሲቲ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን ከአዲስ ዓለም እስከ አዘዞ ባሉ ቤቶች የተማሪ ቦርሳ ውስጥ እየገባ ነው። በተለይ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር ከተሰጠ ወዲህ፣ "ልጄ ኪቦርድ ሳይነካ እንዴት ይፈተናል?" የሚል ወላጅ አቅሙን አሟጦም ቢሆን ይገዛል፤ ያልቻለው ከዘመድ ይዋሳል። ልጁም ቀን ይዞት ትምህርት ቤት ይውላል፣ ማታ ይዞት ያመሻል።

በዚያው ልክ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ አንድ አነጋገር በዝቷል። እናት ልጇን ይዛ ትመጣና "ዓይኑ ቀላ፤ ላፕቶፑ ነው የጎዳው፤ ጠብታ ስጪኝ" ትላለች። በዚህች አጭር አነጋገር ውስጥ ሁለት ትልልቅ ግምቶች አሉ። አንዱ ጥፋቱን ሁሉ በላፕቶፑ ላይ መጣል ነው። ሌላው ያለ ምርመራ መድኃኒት መምረጥ ነው። የመጀመሪያው ልጁን ከትምህርት መሣሪያው ይለየው ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን ብርሃኑን ሊያሳጣው ይችላል።

ለአገራችን አዲስ አይደለም

በ2000 ዓ.ም. ገደማ "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" በተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ አማካይነት በአዲስ አበባና ከዚያ ውጭ ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ በሺህ ለሚቆጠሩ ልጆች አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ላፕቶፖች ታድለው ነበር። ስክሪናቸው በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር እንዲነበብ ተደርጎ የተሠራ ስለነበር ልጁ ደጅ ተቀምጦ ሊማርበት ይችል ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ላፕቶፕ የተሰጣቸውን ልጆች ካልተሰጣቸው ጋር አወዳድሮ፣ የተሰጣቸው ልጆች ነገሮችን በማመሳሰልና በየወገናቸው በመለየት ፈተና የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን ዘግቧል። በዚያው ዓመት በፔሩ በተደረገ ሰፊ ጥናት ደግሞ ላፕቶፑ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ዕቃው ብቻውን ሊቅም አያደርግ፣ ዕውርም አያደርግ። ነገሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው።

ስክሪን ዓይንን ምን ያደርገዋል?

ሰው ሲጫወት ወይም ሩቅ ሲያይ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ ቁጥር ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዓይን ካልተርገበገበ እንባው ይደርቃል፤ ይቆረቁራል፣ ይቃጠላል፣ ይቀላል። በሌላ በኩል ቅርብ ያለን ነገር ለማየት በዓይን ውስጥ ያለ ትንሽ ጡንቻ ይኮማተራል። ሰዓታት ሙሉ ሲኮማተር ከዋለ ይዝላል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ቀና ሲል ሩቁ ይደበዝዝበታል፣ ግንባሩንም ያመዋል።

ይህ የልጆች ብቻ ችግር አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር ከተማ በ304 የባንክ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ከመቶ 73ቱ ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ የዓይን ችግር ታይቶባቸዋል። የእይታ መደብዘዝ፣ ራስ ምታትና የዓይን መቅላት ዋናዎቹ ነበሩ። አቀማመጣቸው ያልተስተካከለና ከ20 ደቂቃ በላይ ያለ ዕረፍት የሚሠሩ ሰዎች ይበልጥ ተጎድተው ተገኝተዋል። ደመወዝ የሚከፈለው ጎልማሳ ያልቻለውን የ14 ዓመት ልጅ ዝም ብሎ ይችለዋል ብለን መጠበቅ የለብንም።

ደስ የሚለው ግን ይህ ድካም የዓይንን ብርሃን አያጠፋም፤ በዕረፍት ይለቃል። የዓይን ባለሙያዎች የሚመክሩት ዘዴም ምንም ወጪ የለውም። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰኮንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ማየት ነው። በር ከፍቶ የጎረቤትን ባሕር ዛፍ ማየት ይበቃል። ልጁ ስክሪኑን ከክንዱ ርዝመት ሳያስጠጋ፣ አናቱም ከዓይኑ ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ፣ መስኮት ከጎኑ እንዲሆን አድርጎ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ በጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ብቻ እንዲያበራ አይደረግ፤ የብርሃኑ መጠን ይቀነስ፣ በአጠገቡም ሌላ መብራት ይኑር።

ጭን ላይ አስቀምጦ መሥራትም አይመከርም። ሙቀቱ በጊዜ ብዛት ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ምድጃ ዳር ሲቀመጡ በኖሩ እናቶች ቅልጥም ላይ የሚታየው ዓይነት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ ምልክት ላፕቶፕ ጭኑ ላይ እያደረገ በሚጫወት የ12 ዓመት ልጅ ላይ መታየቱ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል።

ቁርኣንን በስልክ የሚያስቀሩ ልጆችም አሉ። ፋትሓውና ከስራው በትንሽ ስክሪን ላይ እንደ ጤፍ ስለሚታይ ልጁ ስልኩን ከአፍንጫው ጋር ሊያጋጥመው ይደርሳል። ለጀማሪ ልጅ ፊደሉ ጎላ ያለ የወረቀት ሙስሐፍ ይሻለዋል።

የተሰረቀው የቀን ብርሃን

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ እንመለስ። ስክሪን ልጅን በእጅጉ የሚጎዳው ከራሱ በሚወጣው ብርሃን ሳይሆን ደጅ ያለውን ብርሃን ስለሚያስቀርበት ነው። የሩቅ እይታ ድክመት በልጅነት የሚመጣ ሲሆን የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ ሲረዝም ይከሰታል። የቀን ብርሃን ይህን መርዘም ይገታል። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲቆዩ ተደርጎ ለሦስት ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ደጅ ከቆዩት መካከል ከመቶ 30 ያህሉ የሩቅ እይታ ድክመት ሲያዳብሩ፣ እንደ ወትሮው ከቀጠሉት መካከል ግን 40 ያህሉ አዳብረዋል። ልብ በሉ፤ መነጽር ሳይገዛ፣ መድኃኒት ሳይወሰድ የተገኘ ልዩነት ነው።

የእኛን ልጆች ቀን እስቲ እንቁጠረው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ናቸው። ከዐስር በኋላ ብዙዎቹ መድረሳ ገብተው ይቀራሉ። መግሪብ ሲሰገድ ጨልሟል፤ ከዚያ ወዲያ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ነው። በደባርቅና በዳባት ገጠር ከብት የሚያግድ ልጅ ሳያስበው የሚያገኘውን ብርሃን የከተማው ልጅ አጥቶታል። መድረሳው ይቅር አልልም፤ እኔም እዚያው ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን ዝናብ በሌለበት ወቅት ኪታቡና ሎሁ ወደ ግቢ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ቢቀራ ማን ይከለክላል? የደጅ ጥላ እንኳ ከክፍል ውስጥ መብራት ብዙ እጥፍ ብሩህ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ይህን ጉዳይ ቢነጋገሩበት መልካም ነው እላለሁ።

ከዒሻእ በኋላ

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ለፈጅር ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ የሚነሳ ልጅ 8 ሰዓት ለመተኛት የግድ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋው ላይ መሆን አለበት። ስሌቱ ይኸው ነው። በምሽት ዓይን ላይ የሚያርፍ የስክሪን ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሆርሞን ያዘገያል፤ ፊልሙና ጨዋታው ደግሞ ከብርሃኑ ይብሳል። ከዒሻእ በኋላ ያለ ቁምነገር ማምሸት የማይወደድ መሆኑን መድረሳ የተማርን ሁሉ እናውቃለን፤ ላፕቶፑ ግን ከወሬ ውጭ ያለ አስመስለነዋል። ልጁ የቤት ሥራውን በጊዜ ይጨርስ፤ ላፕቶፑም ስልኩም ወላጅ ክፍል ቻርጅ ይደረግ። ለጥናት ተብሎ በምሽት የሚጠጣ ቡናም ለብዙ ሰዓት ከደም አይወጣምና ይቅርበት።

አሁን ስለ ጠብታው

እህቶቼ፣ ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። "የባለፈውን ስጪኝ" ተብሎ የሚጠየቀው ጠብታ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ያለበት ነው። ብቻውንም ሆነ ከፀረ ተሕዋስያን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። ዴክሳሜታዞን በሐኪም እጅ ታላቅ መድኃኒት ነው። መቅላትንና ማሳከክን በሁለት ቀን ጸጥ ያደርጋል፤ እናትም "ፍቱን ነው" ትላለች። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለሳምንታትና ለወራት ሲደጋገም በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ ያመጣል። ግላኮማ ደግሞ ሳያሳምም የእይታን ነርቭ ይገድላል፤ የሞተ ነርቭ አይመለስም። የዓይን ሞራም በልጅነት ሊያመጣ ይችላል። መቅላቱ ከአንዳንድ ቫይረሶች የመጣ ከሆነም በሽታውን ያባብሰዋል።

ዓይኑ የሚያሳክከው፣ ብርሃን የሚፈራና አዘውትሮ የሚያሸው ልጅ ብዙ ጊዜ በሽታው ላፕቶፕ ሳይሆን አለርጂ ነው። ዓመት እስከ ዓመት የሚመላለስ ስለሆነ ጠብታውም አብሮ ይመላለሳል፤ በዚህ ምክንያት ከሁሉ በላይ የሚጎዱት እነዚህ ልጆች ናቸው። በደጋው ወረዳዎች ደግሞ መቅላቱና ዓይነ ምድሩ የዓይን ማዝ ሊሆን ይችላል። ማዝ በአማራ ክልል ለረጅም ጊዜ የቆየ የዓይነ ስውርነት ምክንያት ነው፤ ፊት በመታጠብ፣ በመጸዳጃ ቤትና በነፃ በሚታደለው አዚትሮማይሲን እየተገፋ ይገኛል። የእናት ጡት ወተትና የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ ማንጠባጠብም ይቅር። ለድርቀት ብቻ ከሆነ አርቴፊሻል እንባ የሚባለው ጠብታ አለ፤ እሱም ቢሆን ከተከፈተ ከአንድ ወር በኋላ ይጣላል፣ ለወንድም ለእህትም አይጋራም።

"የኮምፒዩተር መነጽር" እየተባለ የሚሸጠውንም እንጠይቅ። በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ጥናት ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላል የተባለው መስተዋት ከተራው በተሻለ የዓይን ድካምን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ገንዘቡን ለእንቁላል፣ ለጎመንና ለካሮት ብታውሉት ይሻላል። ቫይታሚን ኤ ዳፍንትን ይከላከላል። ሆኖም መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ ካሮት አያድነውም፤ የቫይታሚን ኤ እንክብልንም ያለ ትእዛዝ መዋጥ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ጎጂ ነው።

ልጃችሁ ሰሌዳውን ለማንበብ ዓይኑን የሚያጨነቁር፣ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ፣ አንገቱን አዘንብሎ የሚያይ ከሆነ በዕረፍት ቀን ቀላል ሙከራ አድርጉ። አንዱን ዓይኑን አስሸፍናችሁ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ አስነብቡት፤ ከዚያም ሌላውን። ልዩነት ካለ ወይም ከእኩዮቹ ያነሰ ካነበበ ይመርመር። "መነጽር ዓይን ያሰንፋል"፣ ሴት ልጅ ከሆነችም "ማን ያገባታል" የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። ያለ መነጽር በትምህርቷ ወደ ኋላ የቀረች ልጅ ግን በየክፍሉ አለች።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል የእይታ መጠን ለክተው መነጽር የሚያዝዙ ባለሙያዎች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም ራሱ ያሠለጥናቸዋል። ከደባርቅ፣ ከዳባትም ሆነ ከወገራ የምትመጡ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሪፈር አጽፋችሁ ኑ። ድንገት የሚያይበት መጠን የቀነሰ፣ ዓይኑን አጥብቆ ያመመው ወይም በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር የታየበት ልጅ ግን ወረፋ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይታይ። ልጁ ሲጠቀምበት የቆየው ጠብታ ካለ ጠርሙሱን ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ መርማሪው ስሙን ሲያነብ የዓይኑን ግፊት መለካት እንዳለበት ወዲያው ይረዳል።